የትኛውን «ዱጋ» ነው ያልኸው?

ዲሽ መትከል እጅ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ መስሎኝ ነበር የገባሁበት፤ ዳኝነትም እንዳለበት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከሚሴ ውስጥ ጣራ ላይ ወጥቼ ብሎን ሳጠብቅ፣ ከታች አንጋጦ የሚያየኝ ባለቤት «ሠራ ወይ?» ብሎ አይጠይቀኝም። «ለመሆኑ እውነቱን የሚናገረው የትኛው ጣቢያ ነው?» ነው የሚለኝ። እኔ የማውቀው ሰሃኑ ወደየት ሲያዘነብል የትኛው ጣቢያ ጥርት ብሎ እንደሚገባ ነው። ዜና አንባቢው ራሱ ወደየት እንደሚያዘነብል የሚለካ ዕቃ ግን ደሴም ወጥቼ ሆነ ኮምቦልቻ ጠይቄ አላገኘሁም። ቢገኝማ ከፒንሳዬ ቀድሞ ከረጢቴ ውስጥ በገባ ነበር።

ነገሩ ግን ያጓጓኛል፤ አልዋሽም። ብዙ ሰው ቤት እገባለሁ፣ ሥራዬን ጨርሼም «ትንሽ ልየው፣ እንዳይንቀጠቀጥ» እያልሁ እቀመጣለሁ። እኔ የማየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ተመልካቹን ነው። በዚህ ሁሉ መቀመጥ አንድ ነገር ደርሼበታለሁ። ዜና አንባቢ የተባለ ሁሉ ሲጀምር «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። የኛ አገር ሰው ደግሞ ሰላምታ መሬት ላይ አይጥልም፤ ከመስታወት ውስጥም ቢመጣ ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ላመነው ነው። ላመነው «አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን ዋልህ» ይላል፣ ከመቀመጫውም ብድግ ይላል። ላላመነው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንድ ሰው የየትኛው ወገን መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሳያዳሉ ለሁሉም እኩል ሲመልሱ ያየኋቸው አንዲት የባቲ እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውማ ለሳሙና ማስታወቂያዋ ልጅም «ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ ሉባባ ለመድረስ ነው።

ሉባባ የሐጂ እንድሪስ ልጅ ናት። ከአባቷ ግቢ ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ጨርቅ ትሸጣለች። መጀመሪያ ያየኋት ከጎረቤታቸው ጣራ ላይ ሆኜ ነው፤ የዚያን ዕለት የተከልኋት ዲሽ እስከ ዛሬ አንድም ጣቢያ ስባ አታውቅም ይላሉ። ወደድኋት። እሷም የጠላችኝ አይመስለኝም፤ የሚጠላ ሰው በየሳምንቱ የመጋረጃ ጨርቅ ለሚያስለካ ደንበኛ ፈገግ አይልም። የተከራየኋት ክፍል ደግሞ ያላት አንድ መስኮት ነው።

እንደ ደንቡ ሽማግሌ ላክሁ። በአጎቴ በሸህ አሊ መሪነት ሄደው፣ ተቀምጠው፣ መርቀው፣ የሐጂን መልስ ይዘው ተመለሱ።

«ልጁን አልጠላነውም» ብለዋል ሐጂ። «ግን በዚህ ግቢ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የልጅቱ አጎት ሙሄም አለ። ሁለታችን ካልተስማማን የጋብቻው ፋቲሃ አይደረግም። ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ ደግሞ እኔና ሙሄ የተስማማንበት ነገር የለም። ልጁ የዲሽ ሰው አይደለም እንዴ? ይምጣና ሳያዘነብል ይፍረደን።»

ሸህ አሊ ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ፣ ከደሴም የአንድ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ እንደላከና ሐጂ ለሱም መልስ መስጠት እንዳለባቸው ጨመሩልኝ። የደሴው ልጅ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አያይም አሉ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ተፎካካሪ አላውቅም።

ሐጂ እንድሪስ የበሬ ነጋዴ ናቸው። አያ ሙሄ የሚስታቸው የእትዬ ዘይነባ ወንድም ሲሆኑ ፍየል ይነግዳሉ፤ የሚኖሩትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ድሮ ሁለቱ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚሄዱት በአንድ መኪና፣ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነበር። አሁን ሐጂ የመንግሥቱን ጣቢያ፣ አያ ሙሄ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚተላለፈውንና ምስሉ በየደቂቃው የሚፈረካከሰውን ጣቢያ ያያሉ። ሐጂ ሙሄን «ያንተው ያዘነብላል» ይላሉ። ሙሄ ሐጂን «የርስዎ አዘንብሎ ወድቋል» ይላሉ። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ሪሞቱም አንድ ነው። ሪሞቱ የሚኖረው እትዬ ዘይነባ መቀነት ውስጥ ነው፤ አንዴ ለባላቸው አንዴ ለወንድማቸው እየቀያየሩ ሰላሙን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

በሰንበቴ ገበያ ማግስት፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ለምሳ ተጠራሁ። ነጭ ጀለብያ ለበስሁ፣ ከልማድ ብዛት ግን ፒንሳዬን ኪሴ ከትቼ ነበር። ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ሰንጋዎች ታስረው ያጓራሉ። ቤት ስገባ አያ ሙሄ አዲስ ሽርጥ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የተጣጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ሁለቱንም አየሁ። ሚስት የሚጠይቅ ሰው ስለ በሬና ስለ ሽርጥ አይጠይቅም ብዬ ዝም አልሁ።

መጀመሪያ የሐጂ ተራ ነበር። ዜና አንባቢው እንደምን ዋላችሁ አለ፤ ሐጂ መለሱ፣ አያ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጋጣሚ ሆኖ ዜናው የኛው የሰንበቴ ገበያ ነበር። ማይክ የያዘ ልጅ በከብት መሀል ቆሞ ገበያው እንደደራ፣ ሻጭም ገዢም እንደተደሰተ ይናገራል።

«ሰማህ?» አሉኝ ሐጂ። «ደርቷል።»

ውጭ ሰንጋው አጓራ።

እዚህ ላይ ሻሂ መጣ። የመቅዳቱ ዕጣ እንደ ታናሽነቴ የኔ ሆነ። ስለ ቋንቋዬ አንድ ነገር ልናገር። ቤታችን የምንናገረው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛ ግን ከሚሴ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚሰማው እሰማለሁ፣ ስናገረው ብቻ ምላሴ እንግዳ ይሆናል። የሐጂ ቤት ደግሞ ግማሹን ዓረፍተ ነገር በአንዱ ጀምሮ በሌላው የሚጨርስ ቤት ነው። አማች ለመሆን የሚፈልግ ሰው መቼም መጣር አለበት። በኦሮምኛ አንድን ሰው «ጠጣ» ለማለት «ዱጊ» ይባላል። ለብዙ ሰው ወይም ለሚያከብሩት ትልቅ ሰው ሲሆን ግን «ዱጋ» ነው። እንግዲህ ሐጂን ዱጊ ልበላቸው? አደብ አለኝ እኮ።

ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቀረብሁና፣ ትኩስ መሆኑን አይቼ፣ «ሞቅ ብሏል ሐጂ፤ ዱጋ፣ ዱጋ» አልኋቸው።

ይህች «ዱጋ» የምትባል ቃል መንትያ አላት። በዚያው በኦሮምኛ «እውነት» ማለትም «ዱጋ» ነው። በድምፅ ሁለቱን የሚለይ ሰው የለም፤ የሚለያቸው ወሬው ነው። የዚያች ደቂቃ ወሬ ደግሞ ሻሂ አልነበረም።

የሐጂ ፊት በራ። «ማሻአላህ» አሉና ወደ አያ ሙሄ ዞሩ። አያ ሙሄ ብርጭቋቸውን ሳይቀምሱ ወለሉ ላይ አስቀመጡ። እኔ ኦሮምኛዬ የተወደደልኝ መስሎኝ ልቤ በደስታ ሞላ።

እትዬ ዘይነባ ሪሞቱን ከመቀነታቸው አውጥተው ለወንድማቸው ቀየሩ። አሁን አያ ሙሄ ለሰላምታው መለሱ፣ ሐጂ ጉሮሮ ጠረጉ። ያም ጣቢያ ስለ ሰንበቴ ነው የሚያወራው። ገበያው እንደሞተ፣ ከቆላ ከብቱን ነድቶ የመጣው ሰው ሳይሸጥ መልሶ እንደነዳ ይናገራል።

«ሰማህ?» አሉኝ አያ ሙሄ። «ሞቷል።»

እኔ ግን ዓይኔ ያለው ወለሉ ላይ ነው። የሙሽራዬ አጎት ሻሂያቸውን አልነኩትም። እኔ የቀዳሁት ሻሂ አልጣማቸው ይሆን? ጎንበስ ብዬ ብርጭቆውን አነሳሁና አቀረብሁላቸው።

«ቀዝቅዟል እኮ አያ ሙሄ» አልሁ፤ «ዱጋ፣ ዱጋ።»

አያ ሙሄ ብርጭቆውን ተቀብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። «አላህ ያሳድግህ» አሉኝ። ሐጂ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ቅድም ሞቅ ብሏል፣ ዱጋ አልኸኝ። አሁን ቀዝቅዟል፣ ዱጋ ትለዋለህ። አንተ ልጅ፣ ስንት ምላስ ነው ያለህ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ሻሂውን ነው ሐጂ፣ ወላሂ ሻሂውን ነው።»

«የትኛውን ዱጋ ነው ሻሂ ያልኸው? ለኔ ያልኸውን ወይስ ለሱ ያልኸውን?»

«ለሐጂ ያለው ሻሂ ነው» አሉ አያ ሙሄ። «ለኔ ያለው እውነት ነው።»

«የለም፤ ለኔ ያለው እውነት ነው፤ አንተን ጠጣ ነው ያለህ። ሲነግርህም ጠጣኸው።»

«ሁለቱም ሻሂ ነው» አልሁ፣ የምገላገል መስሎኝ። የባሰው ያን ጊዜ ነው። ከተጣሉበት ጊዜ ወዲህ ሁለቱ አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሁለቱም በኔ ተቆጡ። «ታዲያ እውነት የሚባል ነገር የለም ነው የምትለው?» አሉኝ በአንድ አፍ። ምሳውን ሳልቀምስ ወጣሁ። የገንፎውን ሽታ እስከ አስፋልት ድረስ ይዤው ሄድሁ።

ከሚሴ ወሬ ለማድረስ ዲሽ አያስፈልጋትም። ገና የአስር ሶላት ሳይጠራ ያሳፈረኝ ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ አይቶኝ «ባለ ዱጋው አንተ ነህ?» አለኝ። በማግስቱ አንድ ደንበኛ መጥቶ ዲሹን እኔ ዱጋ ወዳልሁበት በኩል አዙርልኝ አለኝ፤ የትኛው በኩል እንደሆነ ስጠይቀው ተቆጣ። ሌላው ደግሞ አዳላህ ብሎ የተከልሁለትን ዲሽ ንቀልልኝ ብሎ ላከብኝ። ሻሂ ቤት ስገባ ሰው በሁለት ወገን ተቀምጦ ይከራከራል፤ አንዱ ወገን ልጁ ለሐጂ መስክሯል ይላል፣ ሌላው ለሙሄ። የገረመኝ ሌላ ነው። ከተከራካሪዎቹ ግማሾቹ በዚያ ገበያ ቀን ሰንበቴ ነበሩ፤ በዓይናቸው አይተዋል። ገበያው እንዴት ነበር ብሎ አንዱም አንዱን ሲጠይቅ አልሰማሁም።

መጋረጃ ላስለካ ወደ ሉባባ ሱቅ ሄድሁ።

«ዛሬ ደግሞ የትኛው መስኮት ነው?» አለችኝ ሳቋን አፍና። ቀጥሎ ግን ሳቋ ጠፋ። «አባዬ በዚህ ሳምንት ለደሴዎቹ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። አጎቴም አይቃወምም፤ በአንተ እልህ ሁለቱ ሊስማሙ ነው። የምታደርገው ነገር ካለ አድርግ። ኦሮምኛ ግን እንዳትናገር።»

ሌሊቱን ሳስብ አደርሁና እንደ ዲሽ ሰው አሰብሁ። ጠቡ በተራ በማየት የመጣ ነው፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ይቃጠላል። ለምን ሁለቱም እኩል አያዩም? የራሴን ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በባጃጅ ጭኜ፣ ሸህ አሊን አስከትዬ ሐጂ ቤት ሄድሁ። ሐጂ ሊያስገቡኝ አልፈለጉም ነበር፤ ሸህ አሊን በር ላይ ማቆም ነውር ስለሆነ ብቻ ገባሁ። ሁለቱን ቴሌቪዥኖች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ደረደርሁ፤ የቀኙ ለሐጂ፣ የግራው ለአያ ሙሄ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰዓቱ ደረሰ። ሁለቱ ዜና አንባቢዎች እኩል «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ሐጂ ወደ ቀኝ መለሱ፣ አያ ሙሄ ወደ ግራ መለሱ። መሀል የተቀመጡት ሸህ አሊ ለጥንቃቄ ብለው በሁለቱም በኩል መለሱ። ጣቢያዎቹ አሁንም ከሰንበቴ አልወጡም ነበር። የቀኙ ደራ ሲል የግራው ሞተ ይላል። ሐጂ የራሳቸው ስላልተሰማቸው ድምፅ ጨምር አሉኝ፤ ጨመርሁ። አያ ሙሄም ጨምር አሉኝ፤ ጨመርሁ። ደራ፣ ሞተ፣ ደራ፣ ሞተ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ። ሸህ አሊ ጥምጥማቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። ሉባባን በገዛ ቴሌቪዥኔ ለደሴው ልጅ ድሬ እንደላክኋት ታየኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ጸጥታ መሀል ከግቢው ጥግ ሰንጋው ረዥም አድርጎ አጓራ። ሁለተኛውም ተቀበለው።

እትዬ ዘይነባ ከጓዳ ሆነው፣ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ይሄኛውስ የማን ጣቢያ ነው?» አሉ።

የሸህ አሊ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐጂ በሩን በሩን ያያሉ። እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ከጎኔ ያለው ነገር ሁሉ ዝም በል ይለኛል። ይሁን እንጂ ይህ የማወቅ ጉጉቴ አሸነፈኝ።

«ሐጂ፣ ገበያው እንዴት ነበር?» አልኋቸው።

በኛ አገር እንዴት ነህ የተባለ ሰው ቤቱ ቢቃጠልም መጀመሪያ «ናጋ» ይላል፤ ሰላም ነው ማለት ነው። መቃጠሉ ከናጋው በኋላ ነው የሚመጣው። ሐጂም ከልማዳቸው አልወጡም።

«ናጋ» አሉ። «ናጋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።» ጺማቸውን ዳሰሱ። «ገዢ የለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁሜያቸው ጥርሳቸውን ከፍቶ የሚያይ እንኳ አጣሁ።»

አያ ሙሄ አዲሱን ሽርጣቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ። «ናጋ» አሉ እሳቸውም፣ አንገታቸውን ደፍተው። «የኔ ፍየሎች ደግሞ… ከመኪና ሳላወርዳቸው ነው ያለቁት። ተሻሙብኝ።»

«ተሸጠልህ?»

«ኤዬ፣ ተሸጠልኝ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ጣቢያዎ ደስ እንዳይለው ብዬ ነው። እርስዎስ ሰንጋዎቹ እንደተመለሱ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያንተው እንዳይስቅብኝ» አሉ ሐጂ።

አዘንሁ፤ እውነቴን ነው። አንዱ ሲከስር ሌላው አብሮት የሚከፋው፣ አንዱ ሲቀናው ሌላው አብሮት የሚበላ ሰዎች ነበሩ። አሁን ከአንድ ገበያ ተመልሰው፣ ባንድ ግቢ አድረው፣ ኪሳራውንም ትርፉንም እንደ ሌባ ደብቀውታል። ሰንጋዎቹን የያዙት ሐጂ ደራ ሲሉ ነው የከረሙት፤ ሽርጥ የለበሱት አያ ሙሄ ሞተ ሲሉ። አንዱ ጣቢያ ናጋውን ብቻ ተናግሮ ይቆማል፣ ሌላው ናጋውን ዘሎ ከናጋ በኋላ ካለው ይጀምራል። የኛ ሰው ግን ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ነው የኖረው።

ሻሂ መጣ። ያመጣችው ሉባባ ናት፤ ትሪውን ፊቴ አስቀመጠችና በዓይኗ «ምን ብዬህ ነበር?» አለችኝ። እኔም አፌን እንደተለጎመ ሰው ይዤ ቀዳሁ።

«እህስ ዳኛ» አሉኝ ሐጂ። «ሁለታችንንም ሰማኸን። ምን ትላለህ?»

የአማርኛ ቃል ፈለግሁ፣ አንድም አልመጣልኝም። ያለኝ በእጄ የያዝሁት ብርጭቆ ነው። አንዱን ለሐጂ፣ አንዱን ለአያ ሙሄ ዘረጋሁና «ዱጋ» አልኋቸው።

ሐጂ ጣታቸውን አነሱ። «የትኛውን ዱጋ…» ሲሉ ጀመሩ።

«ይተውት ሐጂ» አሉ አያ ሙሄ። «ይቀዘቅዛል።»

ሁለቱም ጠጡ። ሸህ አሊ ዕድል እንዳያመልጥ ብለው መዳፋቸውን ለፋቲሃው ዘረጉ፤ ሐጂ አዩዋቸው፣ አያ ሙሄን አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም ዘረጉ። አሚን እያልን መሀል ላይ መብራት መጣና ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ካቆሙበት ጩኸታቸውን ቀጠሉ። እትዬ ዘይነባ መጥተው ሁለቱንም ከሶኬት ነቀሏቸው።

ያቺ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ዛሬ ከመጋረጃ ብዛት ብርሃን አይገባባትም። እኔ አሁንም ጣራ ለጣራ ነኝ። አመሻሽ ላይ ስገባ ሉባባ የት ቆየህ ትለኛለች። ጣራው ሙልጭልጭ እንደነበረ፣ ብሎን እንዳለቀብኝ፣ ባጃጅ እንዳጣሁ እነግራታለሁ፤ አንዳንዱ ነገር እንደዚያው ነው፣ አንዳንዱን ትንሽ አዘነብለዋለሁ። እስክጨርስ ዝም ብላ ታዳምጠኛለች። ከዚያ ሻሂውን ቀድታ ወደኔ ትገፋና «ዱጋ» ትለኛለች።

ለአንድ ሰው እኮ ዱጊ ይበቃ ነበር። አክብራኝ ይሆን? አምናኝ ይሆን? ወይስ «እውነት?» እያለችኝ ነው? ሰው ቤት ገብቼ ተመልካቹን ሁሉ ስመረምር የኖርሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ይህችን አንዲት ቃል መጠየቅ አቅቶኛል። ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ እጠጣለሁ።